ማዋለጃውን የተቃወሙት የተከበሩ

(ከምክር ቤቱ አዳራሽ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል። በሯ ላይ «የተቃዋሚዎች ቡድን ጽሕፈት ቤት» የሚል ሰሌዳ ተለጥፏል። ቡድኑ አንድ ሰው ነው፤ ክፍሏንም ከመጥረጊያና ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ይጋራታል። ሰውየው «የተከበሩ» ይባላሉ፤ አዳራሽ ውስጥ በማዕረግ፣ ሰፈር ውስጥ በቀልድ። አብሯቸው ያለው የሚስታቸው ታናሽ ወንድም ነው። ቦርሳቸውን ስለሚሸከም ስሙ ቦርሳ ያዥ ሆኖ ቀርቷል። ሰው ሁሉ ትንሽ ዘገምተኛ ነው ይለዋል፤ እሱም አስተባብሎ አያውቅም። ጭቅጭቁ ከተጀመረ ቆይቷል፤ ምክንያቱ ገርበብ ያለው መስኮት ነው።)

ቦርሳ ያዥ፦ እኔ ወለል ብሎ ይከፈት ነው የምለው፣ ጋሼ።

የተከበሩ፦ አይከፈትም!

ቦርሳ ያዥ፦ ታፍነን ልንሞት ነው እኮ።

የተከበሩ፦ አየር የሕዝብ ሀብት ነው! በአንድ መስኮት ለጥቂቶች ብቻ ሲገባ ቆሜ አላይም።

ቦርሳ ያዥ፦ ያለነው እኛ ሁለታችን ብቻ ነን።

የተከበሩ፦ ታዲያ ጥቂቶች ማለት ምን መሰለህ?

ቦርሳ ያዥ፦ እሺ፣ እንዳለ ይቆይ። ግማሹ ክፍት፣ ግማሹ ዝግ።

የተከበሩ፦ መሐል ሰፋሪ! አንተን ብሎ የኔ ረዳት። ጥርቅም አድርገህ ዝጋው፤ መጋረጃውንም ጋርደው።

(ቦርሳ ያዥ እያጉረመረመ ዘጋው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ፈገግ አለ። ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን ጠፍሮ ይዞታል፤ ክፍሏ ከገባ ጀምሮ የሚመኘው መስኮቱ እንዲዘጋ ነበር። ከአማቹ ጋር ዓመታት ሲውል የተማረው ነገር ቢኖር ይህ ነው።)

ቦርሳ ያዥ፦ በዚህ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥመው ደግሞ!

የተከበሩ፦ እህትህን ጠይቃት። ጠዋት ከቤት ስወጣ «ዛሬ ፀሐይ ነው፣ ሻርፕ አያስፈልግህም» አለችኝ። የአየር ጠባይ ሚኒስትር ማን አደረጋት? ጠመጠምኩት!

ቦርሳ ያዥ፦ ጥሩ አደረጉ።

የተከበሩ፦ ጥሩ ማድረጌን አንተ አትነግረኝም። ንግግሬን አምጣ። ዛሬ ያቺ ለሰፈራችን የታሰበች ማዋለጃ ካልጸደቀች እህትህ ምን እንዳለች ሰምተሃል?

ቦርሳ ያዥ፦ ያልሰማ ማን አለ? «ቆመህ ደግፍ! ጮኸህ ደግፍ! በቴሌቪዥን አይሃለሁ፣ ካልደገፍክ ቤቴ እንዳትመጣ!» ስትል ጎረቤት ሁሉ በር በሩ ላይ ወጥቶ ነበር። ለኔም «አደራህን፣ ዛሬ በሥራው እጅህን እንዳታስገባ» ብላኛለች።

የተከበሩ፦ አንተን? አንተ የት ታውቅና ነው እጅህን የምታስገባው?

ቦርሳ ያዥ፦ እኔም እሱን ነው ያልኳት።

የተከበሩ፦ ልጄ አርግዛለች፤ ማዋለጃዋ ዛሬ ከጸደቀች ለቀኗ ትደርስላታለች። (ድምፃቸው ዝቅ አለ።) እሷ ራሷ የት እንደተወለደች ታውቃለህ አይደል።

ቦርሳ ያዥ፦ ሲሚንቶ በጫነ መኪና ላይ። መኪናውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ እኮ።

የተከበሩ፦ ሆስፒታሉ ከተማውን አቋርጦ ማዶ፤ እኛ እዚህ። ሳቅፋት አመድ መስላ ነበር። የሞተች መስሎኝ ጮህኩ፤ ለካ ሲሚንቶው ነው። ፊቷን ስጠርግላት አስነጠሰች። እኔ ፖለቲካ የገባሁት ያን ቀን ነው።

(ያቺ ማስነጠስ እስከ ዛሬ ቦርሳ ያዥ ጆሮ ውስጥ አለች። ማዋለጃዋ ዛሬ እንድትጸድቅ የማያደርገው ነገር የለም። ችግሩ ግን፣ እሱ እንደሚያየው፣ ከፊቱ ሻርፕ ጠምጥሞ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።)

ቦርሳ ያዥ፦ ጋሼ፣ ካቻምና ስለ ማዋለጃዋ ተናግረው ነበር አይደል?

የተከበሩ፦ በሙሉ ልቤ ደገፍኳት።

ቦርሳ ያዥ፦ እና?

የተከበሩ፦ ወደቀች።

ቦርሳ ያዥ፦ አምናስ?

የተከበሩ፦ እንባ እየተናነቀኝ ደገፍኳት። በጭብጨባ ወደቀች። የሞራሉ ድል ግን የኛ ነበር።

ቦርሳ ያዥ፦ የትምህርት ቤቱ ምሳስ?

የተከበሩ፦ «ተማሪዎች ምሳ ይብሉ» አልኩ። እነሱ ደግሞ በምሳ ሰዓት ስለ ምሳ ጥቅም ትምህርት እንዲሰጥ ወሰኑ። ይሄም ቢሆን አጀንዳውን ያነሣሁት እኔ ነኝ!

ቦርሳ ያዥ፦ የአዳራሹ ጣሪያ ያፈሰሰ ቀንስ?

የተከበሩ፦ እሱማ ታሪካዊ ቀን ነው። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው» አልኩ። ጣሪያው እንደማያፈስ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ።

ቦርሳ ያዥ፦ ጃንጥላ ይዘው።

የተከበሩ፦ ጃንጥላ ይዘው! እጅ ለማውጣት ጃንጥላውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት እኮ!

ቦርሳ ያዥ፦ ድልድዩንስ?

የተከበሩ፦ ድልድዩን ተቃወምኩ። የወንዙ ዓሣዎች አልተመከሩበትም አልኩ። በማን አለብኝነት ሠሩት።

ቦርሳ ያዥ፦ ዛሬ በየት በኩል ነው የመጣነው?

የተከበሩ፦ በድልድዩ። ግን እየተቃወምኩ ነው የተሻገርኩት።

(ቦርሳ ያዥ ጭንቅላቱን አከከ። ለሱ ነገሩ ከገባው ቆይቷል፤ ገዢው ፓርቲ አቋም የሚይዘው የተከበሩ ከተናገሩ በኋላ ነው። እሳቸው «አዎ» እስኪሉ «አይ» ለማለት፣ «አይ» እስኪሉ «አዎ» ለማለት እጃቸውን ግማሽ አንሥተው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ዛሬ እኚህ ሰው ማዋለጃዋን መቃወም አለባቸው። ተቃወሙ ቢላቸው ደግሞ ሞተው ይገኛሉ እንጂ አይቃወሙም።)

ቦርሳ ያዥ፦ ዛሬ እንኳ ቀላል ነው። ዝም ብለው ይደግፏት።

የተከበሩ፦ ዝም ብለው ማለት?

ቦርሳ ያዥ፦ ሌላ ምን ያደርጋሉ? ሁሉም እንደሚደግፉ ያውቃል። ጠዋት የገዢው ፓርቲ ሊቀመንበር ኮሪደር ላይ ሰው ሰብስበው «ሰውየው ይደግፋል፤ ንግግሩን በቃሌ ልወጣላችሁ እችላለሁ» ሲሉ ሰማሁ።

የተከበሩ፦ የኔን ንግግር?!

ቦርሳ ያዥ፦ እጃቸውንም እንደርስዎ እያወናጨፉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

የተከበሩ፦ የቱ ጋ ሲደርሱ ነው የሳቀው?

ቦርሳ ያዥ፦ «ልቤ ደም ያነባል» የሚለው ጋ።

የተከበሩ፦ እሱ እኮ ዋናው ነው!

ቦርሳ ያዥ፦ ለዚያ ይሆናላ በጣም የሳቁት። ግድ የለዎትም፣ ጋሼ፤ ይደግፉና ይገላገሉ። እንደ አምናው።

(እንዲህ ያለ ነገር ኮሪደር ላይ አልተደረገም፤ ቦርሳ ያዥ ልብሱን ሲለብስ የፈጠረው ነው። የተከበሩ ግን ብድግ ብለው መንጎራደድ ጀመሩ። ክፍሏ ለመንጎራደድ ስለማትመች ሦስተኛው እርምጃ ላይ መጥረጊያ ረገጡ።)

የተከበሩ፦ ሳልናገር ንግግሬን ካወቁት እኔ ምን ልሠራ እገባለሁ? ቴፕ መክፈት ይበቃ የለ!

ቦርሳ ያዥ፦ ቴፕ ርካሽ ነው፤ ሻይም አይጠጣ።

የተከበሩ፦ እቃወማለሁ!

ቦርሳ ያዥ፦ (በድንጋጤ ደረቱን ይዞ) ኧረ ጋሼ! ምኑን?

የተከበሩ፦ ማዋለጃዋን!

ቦርሳ ያዥ፦ አይሆንም! እትዬ ታርደናለች! ቡድንዎስ ምን ይላል?

የተከበሩ፦ ቡድኑን አሁኑኑ እሰበስባለሁ። (ወንበር ላይ ተቀመጡ።) ስብሰባው ተከፍቷል። (ተነሡ።) ሥነ ሥርዓት! ይህ ጉዳይ የራሳችንን ልጅ ይመለከታል። (ተቀመጡ።) የተከበሩ አባል፣ ስሜታዊ አይሁኑ። (ተነሡ። ለትንሽ ጊዜ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆሙ። ተቀመጡ።) ጸድቋል።

ቦርሳ ያዥ፦ በሙሉ ድምፅ ነው?

የተከበሩ፦ አንዱ አባል አንገራግሮ ነበር፤ ለመንኩት። በል፣ ልለማመድ። አንተ ሚኒስትሩን ሁን።

ቦርሳ ያዥ፦ ሚኒስትር እንዴት ነው የሚኮነው?

የተከበሩ፦ ሆድህን ነፋ አድርገህ ያልተጠየቅከውን ትመልሳለህ።

ቦርሳ ያዥ፦ (ሆዱን ነፍቶ) ዛሬ ማክሰኞ ነው።

የተከበሩ፦ ጎበዝ። ክቡር ሚኒስትር፣ ማዋለጃ ለማን ነው የሚሠራው?

ቦርሳ ያዥ፦ ለእናቶች።

የተከበሩ፦ ተያዙ! እናት የሚባሉት ከወለዱ በኋላ ነው። ከወለዱ ማዋለጃ ምን ያደርግላቸዋል? ካልወለዱ ደግሞ እናት አይደሉም። ባዶ ቤት ልትሠሩ ነው!

ቦርሳ ያዥ፦ (ሆዱ ተነፈሰ) አይ፣ እንዲህስ አላሰብኩትም ነበር።

የተከበሩ፦ ገና ምን ሰማህና። ወደ ኢኮኖሚው እንግባ። ዳቦ ተወደደ ብሎ የሚያማርረው ማነው?

ቦርሳ ያዥ፦ ሕዝቡ።

የተከበሩ፦ የተወለደው ሕዝብ! ያልተወለደ ሰው በዳቦ ሲያማርር ሰምተህ ታውቃለህ?

ቦርሳ ያዥ፦ ኧረ አልሰማሁም።

የተከበሩ፦ የቤት ኪራይ ጨመሩብኝ ያለ ያልተወለደ አለ?

ቦርሳ ያዥ፦ የለም።

የተከበሩ፦ ሥራ አጦቻችንን አንድ በአንድ ብትመረምራቸው፣ ሁሉም የተወለዱ ሆነው ታገኛቸዋለህ!

ቦርሳ ያዥ፦ ሁሉም?

የተከበሩ፦ አንድ ሳይቀር! ችግራችን ሁሉ መነሻው መወለድ ነው። እናንተ ደግሞ እሱን ልታስፋፉ ነው!

ቦርሳ ያዥ፦ ጉድ ነው! ሚኒስትሩም ተወልደዋል እንዴ?

የተከበሩ፦ እሱን ገና አላረጋገጥንም።

ቦርሳ ያዥ፦ (አሁን የምር ሰጋ) ጋሼ፣ አደራዎን፣ ብዙ እንዳያሳምኑ።

የተከበሩ፦ ይሄን ሁሉ ዘመን ስናገር ማንን አሳምኜ አውቃለሁ?

(ደወል ተደወለ። የተከበሩ ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ። ቦርሳ ያዥ ብቻውን ቀረ። ግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ከአዳራሹ የሚባለውን ሁሉ ያሰማል። ወንበር ስቦ ሥሩ ተቀመጠና ጆሮውን ወደ ላይ ቀሰረ።)

የተከበሩ፦ (ከማጉያው) ክቡር አፈ ጉባኤ! ዛሬ ልቤ ደም አያነባም!

ቦርሳ ያዥ፦ (ለማጉያው) እሰይ!

የተከበሩ፦ (ከማጉያው) ይህችን ማዋለጃ በጽኑ እቃወማለሁ!

ቦርሳ ያዥ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ! አሁን ይቀመጡ። ይበቃል።

(ግን የተከበሩ ማይክ ይዘው ተቀምጠው አያውቁም። የዳቦውን፣ የኪራዩን፣ የሥራ አጡን ነገር አንድ በአንድ አወረዱት። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ። ሌላው ተከተለ። «ልክ ነው! ልክ ነው!» የሚል ጉምጉምታ ከገዢው ፓርቲ ወንበሮች ተነሣ።)

ቦርሳ ያዥ፦ (ከወንበሩ ተፈናጥሮ) ምንድነው ጭብጨባው? ኧረ አሳመኗቸው! ጋሼ፣ ምን አደረጉን! ዘመንዎን ሁሉ ሳያሳምኑ ኖረው ዛሬ?! (መጥረጊያውን አቀፈው።) ወይኔ የእህቴን ልጅ! ወይኔ ልጄን! በሲሚንቶ መኪና ልትሄድ ነው! ሲሚንቶ መኪናም ዛሬ የት ይገኛል!

የተከበሩ፦ (ከማጉያው) ለምንድነው የምታጨበጭቡት?

(ጭብጨባው ባሰ።)

የተከበሩ፦ (ከማጉያው፤ ጉሮሮአቸውን ጠርገው) መልካም። እንግዲህ ከተስማማችሁ፣ ማዋለጃዋን ስንጥል «የተቃዋሚው ታላቅ ድል» ተብሎ በአዳራሹ በር ላይ በስሜ ይጻፍልኝ።

(ጭብጨባው ቀዘቀዘ።)

የተከበሩ፦ (ከማጉያው) በተለይ የገዢው ፓርቲ ሊቀመንበር ዛሬ ከኔ ኋላ ተሰልፈው በማየቴ ኮርቻለሁ። እንኳን ደህና መጣህ፣ ጓዴ! ከኔ ገና ብዙ ትማራለህ!

(የእሳቸው ማይክ ተቋረጠ። ወንበር ተንኳኳ፤ አንድ ሰው «እሱን ብሎ አስተማሪ!» አለ። ትንሽ ቆይቶ አፈ ጉባኤው ማዋለጃዋ በአንድ ተቃውሞ ብቻ መጽደቋን አወጁ። ቦርሳ ያዥ መጥረጊያውን ይዞ ዞረ፤ እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ፤ ደስ አለው፤ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። የበሩ እጀታ ሲንቀሳቀስ መጥረጊያውን ጥሎ የሐዘን ፊት አበጀ። የተከበሩ ገቡ።)

ቦርሳ ያዥ፦ አይዞዎት፣ ጋሼ። ታግለዋል። የሞራሉ ድል የኛ ነው።

የተከበሩ፦ ፊትህን ፍታው፤ ሳቅህ በጆሮህ ሊወጣ ነው።

ቦርሳ ያዥ፦ እኔ? እኔማ አዝኜ...

የተከበሩ፦ ሊቀመንበሩ ጠዋት ኮሪደር ላይ አልነበሩም። ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው፣ ጉንጫቸው አብጦ አሁን ነው የደረሱት። በምን አፋቸው ነው ንግግሬን የወጡልህ?

(ቦርሳ ያዥ የሐዘን ፊቱን ተወው።)

ቦርሳ ያዥ፦ አውቀው ነው እንዴ የተቃወሙት?

የተከበሩ፦ ጃንጥላ የያዘ ሰው ጣሪያው አያፈስም ብሎኝ፣ ያን ቀን ያልገባኝ መቼ ሊገባኝ ነው? ድልድይ በዓሣ የምቃወም እብድ መሰልኩህ?

ቦርሳ ያዥ፦ ታዲያ ማዋለጃዋን ካቻምናም አምናም ለምን ደገፏት?

የተከበሩ፦ (ተቀመጡ) አቃተኝ። ሌላውን ሁሉ እያወቅኩ ተቃወምኩ፤ የልጄን ነገር ግን አፌ እንቢ አለኝ። ዘንድሮ የሚገፋኝ ሰው ፈለግኩ። ደግሞም እህትህ ደግፍ ብላ አገር ሰምቶ፣ ስትጠይቀኝ የማንን ስም ልጥራ?

ቦርሳ ያዥ፦ የማንን?

የተከበሩ፦ የገፋኝን ነዋ!

ቦርሳ ያዥ፦ ጋሼ! እኔን ሊያስበሉኝ ነው?! መስኮቱስ? መስኮቱን እንኳ...

የተከበሩ፦ ከትናንት ጀምሮ ጀርባዬን ብርድ መትቶኛል። አንተ ይከፈት ባትል፣ እኔ በየትኛው መርሕ እዘጋው ነበር?

(ስልኩ ጮኸ። የተከበሩ ማን እንደሆነ አይተው እንደ ትኩስ ድንች ለቦርሳ ያዥ ወረወሩለት።)

የተከበሩ፦ እህትህ ናት። «እኔ ነኝ ያስገደድኩት» በላት። እኔ እዚህ የለሁም።

ቦርሳ ያዥ፦ (ስልኩን ከጆሮው አርቆ) አቤት፣ እትዬ... የሉም... አዎ፣ እኔ ነኝ... አይ፣ እጄን አላስገባሁም... ትንሽ ጣቴን ብቻ... (ያዳምጣል። ስልኩን ቀስ እያለ ወደ ጆሮው አስጠጋ።)

የተከበሩ፦ (በሹክሹክታ) እየጮኸች ነው?

ቦርሳ ያዥ፦ አይደለም።

የተከበሩ፦ እያለቀሰች ነው?

ቦርሳ ያዥ፦ እየሳቀች ነው። ልጅቷም ከኋላ ትስቃለች፤ ሆዴን አመመኝ አታስቁኝ ትላለች።

የተከበሩ፦ ምን ያስቃቸዋል?

ቦርሳ ያዥ፦ «ሁለት ዓመት ምንም ሳልለው ደግፎ ጣለብኝ። ዘንድሮ ደግፍ ብዬ ባልጮህበት ኖሮ ይቃወም ነበር?» ትላለች።

የተከበሩ፦ ምን?!

ቦርሳ ያዥ፦ «አንተንስ እጅህን እንዳታስገባ ባልልህ ኖሮ ታስገባ ነበር?» ትለኛለች።

(ሁለቱ ተያዩ። የትኛው ይበልጥ ዘገምተኛ እንደሆነ ለመወሰን ድምፅ ቢሰጥ እኩል በእኩል ይወጣ ነበር። የተከበሩ እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንገታቸው ሄደ።)

የተከበሩ፦ ሌላስ ምን አለች?

ቦርሳ ያዥ፦ (አዳምጦ) «ሻርፑን ጠምጥሟል አይደል?» ትላለች።